ጉሙ የሸፈናቸው ሰዎች

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በስሕተት ነው። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች በአንዱ በር ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር፤ «ዛሬ ከ8 ሰዓት ጀምሮ፣ ጎሪላ» ይላል። ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲማችንን ከፍለን አግዳሚው ላይ የተጨናነቅነው ልጆች ሕንፃ የሚንድ ግዙፍ ዝንጀሮ ልናይ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ «ጎሪላ» የሚለውን «ጎሬላ» ብለው አንብበውት ኖሮ የደፈጣ ውጊያ ይጠብቁ ነበር። የመጣው ግን ጉም፣ ጭቃ፣ እንዲሁም መሬት ላይ ተቀምጣ ቅጠል የምታኝክ አንዲት ነጭ ሴት ናት። ግማሹ ሰው «ገንዘቤ ይመለስልኝ» እያለ ወጣ። ከቀሩት መካከል አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «ኧረ ይቺስ መንናለች!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ፊልም የተጻፉ ሂሶችን አንብቤአለሁ። ነገሩን እንደ እኚያ ሰው በአንዲት ቃል የጨረሰው ግን አላጋጠመኝም።

ፊልሙ «ጎሪላስ ኢን ዘ ሚስት» ይባላል፤ «ጎሪላዎች በጉም ውስጥ» ማለት ነው። ማይክል አፕትድ ያዘጋጀው፣ ሲጎርኒ ዊቨር በመሪ ተዋናይነት የተጫወተችበትና በ1988 ለዕይታ የበቃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው አሜሪካዊቷ ዳያን ፎሲ በዚሁ ርዕስ በ1983 ያሳተመችው መጽሐፍና የራሷ ሕይወት ነው። ይህን ያህል ዘመን ያለፈውን ፊልም ዛሬ ምን አስነሣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው። ወደ ሩዋንዳው የቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክም ሆነ ወደ ኡጋንዳው የብዊንዲ የዝናብ ደን የሚሄድ ጎብኚ፣ ፊልሙን አየውም አላየውም፣ ጫካውን የሚመለከተው ይህ ፊልም ባበጀው መነጽር ነው። በዚያ መነጽር አውሬውን ያያል፤ ጉሙን ያያል፤ ራሱንም ያያል። ሌላ ሰው ግን አይታየውም።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ፎሲ ኬንታኪ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጆችን የምትረዳ ባለሙያ ነበረች። በ1963 በብድር ገንዘብ አፍሪካን ጎበኘች፤ የጥንተ ሰው ተመራማሪውን ሉዊስ ሊኪን ተዋወቀች፤ በእሱ አማካይነትም በ1966 መጨረሻ ተመልሳ መጥታ ኮንጎ ውስጥ ሥራ ጀመረች። እዚያ ሁከት ሲነሣ ድንበር ተሻግራ በ1967 ሩዋንዳ ውስጥ፣ በካሪሲምቢና በቪሶኬ ተራሮች መካከል፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሰፈሯን ተከለች። የሁለቱን ተራሮች ስም ቆርጣ ገጥማ «ካሪሶኬ» አለችው። ለአሥራ ስምንት ዓመታት ያህል እዚያ ኖረች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ዲጂት የተባለው ጎሪላ በታኅሣሥ 1977 የመጨረሻ ቀን በአዳኞች ተገደለ፤ ራሱና እጆቹ ተቆርጠው ተወሰዱ። እሷም በ1985፣ በገና ማግስት፣ ጎጆዋ ውስጥ በገጀራ ተመትታ ሞተች። የተቀበረችው ከዲጂት አጠገብ ነው።

እንግዲህ ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። መጠራት አለ። ዓለምን መተው አለ፤ ፊልሙ ውስጥ የሚወዳት ፎቶግራፍ አንሺ አብራው እንድትሄድ ሲለምናት እሷ ተራራውን ትመርጣለች። ከአራዊት ጋር መኖር አለ፤ ፈተና አለ፤ በመጨረሻም ሰማዕትነት አለ። ይህ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ቅርጽ አይደለም፤ ገድል ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል ቆመው በሥዕል እያየ ላደገ ሰው፣ አንዲት ሴት ከጎሪላ መሀል ተቀምጣ ሲያይ «መንናለች» ብሎ መፍረዱ ትክክለኛ ሂስ ነው። ሆሊዉድ ሳያውቀው ገድል ሠርቷል።

እንደ ገድል ከተመዘነ ደግሞ የተዋጣለት ነው። ዊቨር የጎሪላውን አቀማመጥ፣ አተያይና ማጉረምረም በሰውነቷ ተምራ ያደረገችውን ያህል ብዙ ተዋንያን በንግግር አያደርጉትም። ጆን ሲል የተባለው የካሜራ ባለሙያ እዚያው ሩዋንዳ ተራሮች ላይ እውነተኞቹን ጎሪላዎች ቀርጿል፤ በሪክ ቤከር የተሠራውን ልብስ የለበሱ ሰዎችም የተጫወቱባቸው ቦታዎች አሉ፤ ስፌቱ ግን በቀላሉ አይታይም። ዲጂት እጁን ዘርግቶ የሴቲቱን መዳፍ የሚነካበት ትዕይንት የፊልሙ ቅዱስ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። ዊቨር በዚህ ሥራዋ ጎልደን ግሎብ ተሸልማለች፤ ፊልሙም ለአምስት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ያቺ እጅ ስትነካ እኛ ካራቴ ናፋቂዎቹ እንኳ ትንፋሻችንን ይዘን እንደነበር አስታውሳለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከገድሉ ባሕርይ ነው። ገድል የሚያውቀው ጻድቁን፣ አውሬውንና ጠላትን ነው። ጎረቤት የለበትም። ደመወዝ የሚጠብቅ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ማሳው ከደኑ ጫፍ የሚዋሰን ሰው በገድል ውስጥ ቦታ አያገኝም።

ፊልሙ ውስጥ ከፎሲ ጎን የማይለይ ሴምባጋሬ የሚባል ዱካ ፈላጊ አለ። ጨዋ፣ ታማኝ፣ ዝምተኛ ነው። ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማታ ወደ ማን እንደሚመለስ ግን ፊልሙ ሊነግረን ግድ የለውም። በእውነተኛው ታሪክ ሥራውን የሠሩት ብዙዎች ነበሩ። ኮንጎ ሳለች ዱካ ማንበብ ያስተማራት፣ ቀደም ሲል ከተመራማሪው ጆርጅ ሻለር ጋር የሠራው ሳንዌክዌ ነው፤ ካሪሶኬ ደግሞ ኔሜዬና ርዌለካና ነበሩ። ፎሲ ራሷ በመጽሐፏ እነዚህን ሰዎች በስም ታነሣለች። መጽሐፉ ከፊልሙ የሚሻልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ መታሰቢያነቱም ለተገደሉት ለዲጂት፣ ለአንክል በርት፣ ለማቾና ለክዌሊ ነው። ከእሷ መገደል በኋላ ርዌለካና ተይዞ ታሰረ፤ ለፍርድ ሳይቀርብ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ገድሉ የእሷን መቃብር በካሜራ አቅፎ ሲያለቅስ፣ ዓመታት ሙሉ ሳማውን በገጀራ እየመነጠረ መንገድ ያወጣላት ሰው መጨረሻ ከትረካው ውጭ ቀረ።

ከጠላት ወገን የተሰለፉት ባትዋዎች ናቸው። በአካባቢው የደን ነዋሪዎች ናቸው፤ ከግብርናውም ከመንግሥቱም በፊት ጫካውን ቤታቸው ያደረጉ ሕዝብ። ፊልሙ ውስጥ በአብዛኛው ጦር ይዘው ከቅጠል መሀል ብቅ የሚሉ ጥላዎች ሆነው እናያቸዋለን። አንዱን ይዛ ልትሰቅለው እንደሆነ አስመስላ ስታስፈራራው፣ ጎጆአቸውን ስታቃጥል፣ ካሜራው ሐዘኗን እንጂ የእነሱን ድንጋጤ አይከተልም። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ደኑ ውስጥ የሚጠመደው ወጥመድ በአብዛኛው ለሚዳቋና ለድኩላ እንጂ ለጎሪላ አልነበረም፤ ጎሪላው የሚጎዳው እግሩ ወይም እጁ ሲገባበት ነው። የጎሪላ ራስና እጅ የሚፈልገው፣ ግልገል የሚገዛው ገበያ ደግሞ ሌላ፣ ባለገንዘብም ነው። ያም ሆኖ ደኑን የበላው ወጥመድ ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ገንዘብ በተደገፈ ፕሮጀክት ለፀረ ተባይ የሚሆን የፓይሬትረም አበባ ለማልማት ከሩዋንዳው ፓርክ ሰፊ መሬት ተቆርጦ ተመነጠረ። ጦር የያዘ ሰው ለካሜራ ይመቻል፤ የተፈረመ ወረቀት አይመችም።

አሁን ወደ ጎብኚው ልመለስ፤ ትልቁ ምፀት ያለው እዚያ ነውና።

ፎሲ ጎብኚ አትወድም ነበር። ጥበቃን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ አንደኛው ቅኝት ወጥቶ ወጥመድ መቁረጥ ነው፣ እሱን «ተግባራዊ» ትለዋለች፤ ሌላው ቱሪዝምና ትምህርት ነው፣ እሱን የንድፈ ሐሳብ ጥበቃ ብላ ታጣጥለዋለች። ፍርሃቷ መሠረት የሌለው አልነበረም። የሰው ጉንፋን ጎሪላን ይገድላል። ይሁንና ያው ዲጂት ከመሞቱ በፊት ፎቶግራፉ የሩዋንዳ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ጎብኚ ለመጥራት ባሳተመው ፖስተር ላይ ወጥቶ ነበር። የገድሉ ቅዱስ እንስሳ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሠራተኛም ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። በ1960 አካባቢ ሻለር በቪሩንጋ ተራሮች 450 ያህል ጎሪላዎች እንዳሉ ገምቶ ነበር። በ1981 ቆጠራ ወደ 250 ወርደው ተገኙ። በዚያው ሰሞን፣ በ1979፣ ኤሚ ቬደርና ቢል ዌበር የተሳተፉበት የተራራ ጎሪላ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ጎሪላን ከሰው ጋር አለማምዶ፣ ጥቂት ጎብኚ አስከፍሎ፣ ለአገሩ ገቢ ማስገኘት አንዱ ዓላማው ነበር። ፎሲ ነገሩን በጥርጣሬ አየችው። የቪሩንጋውና የብዊንዲው ተደምሮ በ2018 የታወጀው ቁጥር 1,004 ነበር፤ በዚያው ዓመት የተራራ ጎሪላ «እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡ» እንስሳት መዝገብ አንድ ደረጃ ወጣ። ለዚህ ምክንያቱ ቱሪዝም ብቻ ነው አልልም፤ የእንስሳት ሐኪሞችና በየቀኑ የሚወጡ ጠባቂዎች አሉበት። እነዚያን ጠባቂዎች የሚያኖረው ገንዘብ ግን በብዛት የሚመጣው እሷ ከጠላችው ጎብኚ ኪስ ነው። ለውጭ አገር ጎብኚ የሩዋንዳው መደበኛ የአንድ ቀን ፈቃድ ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው፤ በዚያው ዓመት ለአካባቢው ሕዝብ የሚደርሰው የቱሪዝም ገቢ ድርሻ ከመቶ 5 ወደ 10 ከፍ ብሏል። መናኝቱ ብቻዋን ያላዳነችውን፣ ገበያው ከነኃጢአቱ አግዞ አዳነው።

አንድ ወዳጄ ለስብሰባ ካምፓላ ሄዶ በዚያው ብዊንዲን ጎብኝቶ ተመለሰ። ቡና እየጠጣን በስልኩ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አሳየኝ። ሁሉም ጎሪላ ናቸው፤ ጀርባው ብር የመሰለ አውራ፣ እናቱ ላይ የተንጠለጠለ ግልገል፣ ቅጠል፣ ጉም። «ብቻችንን ነበርን፤ እኔና እሱ ብቻ፤ ዓይን ለዓይን!» አለኝ። ጥያቄ ማብዛት ልማዴ ነውና እንዴት እንደደረሱበት ጠየቅሁት። ቀስ በቀስ ሰዎቹ እየወጡ መጡ። ጎሕ ሳይቀድ ገብተው ጎሪላዎቹ ያደሩበትን ፈልገው በሬዲዮ የሚያሳውቁ ዱካ ፈላጊዎች አሉ። መንገድ የሚመነጥር አለ። ድንገት ዝሆን ቢመጣ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። ወዳጄ ዳገቱ ላይ ሲያዳልጠው እጁን ይዞ የጎተተው፣ ቦርሳውንም የተሸከመለት የመንደሩ ወጣት አለ። ሰባት ሌሎች ጎብኚዎችም አሉ፤ ደንቡ በቀን ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ሰው ነውና። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ከኮቪድ ወዲህ ወደ 10 ሜትር በተገፋ ርቀት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ሰዓቱንም የሚይዝ ሰው አለ። ስንቆጥር አሥራ አምስት ገደማ ሰው ሆነ። «ታዲያ ፎቷቸው የታለ?» ብለው ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ሲፈልግ ቆይቶ ሳቀ። የአንዱ ክርን ብቻ፣ ከፎቶው ጥግ፣ ቅጠል ገለል ሲያደርግ ተገኘ።

ወዳጄ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። ፊልሙ ያስተማረውን ነው ያነሣው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የጉዞ ድርጅቶች የሚሰጡት ስም እንኳ ይህንኑ ያሳያል፤ «አድቬንቸር» የሚለውን እኛ «ጀብዱ» ብለን ተርጉመነዋል። ጀብዱ ግን በቋንቋችን አንድ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ሰጥቶ የሚፈጽመውና ሌሎች የሚመሰክሩለት ሥራ ነው። በብዊንዲ ነፍሱን ለአደጋ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከተጠየቀ፣ ከፋዩ አይመስለኝም። በድንበሩ ማዶ፣ በኮንጎው የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ፣ በሥራ ላይ ሳሉ የተገደሉት ጠባቂዎች ከ200 በላይ ናቸው። ይህ ፓርክ በ1925 ሲመሠረት የአፍሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ጀብዱ ዊቨርን የመሰለች ተዋናይት አላገኘም።

ጫካውስ ከታሪክ ውጭ የሆነ ቦታ ነው? ፊልሙ እንደዚያ ያስመስለዋል። ከተራራው በታች ያለው ሕዝብ ዳራ ነው፤ ገበያ፣ ሕፃን፣ ወታደር፣ ከዚያ እንደገና ጉም። ፊልሙ በወጣ በስድስት ዓመቱ ሩዋንዳ ውስጥ የ1994ቱ የዘር ፍጅት ሆነ፤ በጦርነቱ ካሪሶኬ ራሱ ወደመ። በ1999 ፍጅቱን የፈጸሙት ሚሊሺያዎች ከኮንጎ ተሻግረው ብዊንዲ ገብተው ስምንት የውጭ ጎብኚዎችን ገደሉ፤ ኡጋንዳዊ የፓርኩ ባልደረባም ሞተ። ደኑ ሁሉንም አሳልፏል፤ አሸማቂውን፣ ስደተኛውን፣ ጎብኚውን። የቪዲዮ ቤታችን ታዳሚዎች «ጎሪላ»ን «ጎሬላ» ብለው ማንበባቸው ያን ያህል የሚያስቅ ስሕተት አልነበረም።

ጉሙ ከሁሉ አብልጦ የሸፈናቸው ግን ባትዋዎችን ነው። ብዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ እዚያ ይኖሩ፣ ማር ይቆርጡ፣ ያድኑ የነበሩት ባትዋዎች ከደኑ ወጡ። መሬት እንደ ገበሬው ስላልነበራቸው ብዙዎቹ የሰው መሬት ጥገኛ ሆነው ቀሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የኡጋንዳ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተገቢውን ካሳ አለማግኘታቸውን ተቀብሎ ፈረደላቸው፤ መንግሥት ደግሞ ይግባኝ አለ። እስከዚያው ጎብኚ ሌላ ትኬት ቆርጦ፣ ባትዋዎች እንጨት ፈትገው እሳት ሲያነዱ፣ ማር እንዴት ይቆርጡ እንደነበር ሲያሳዩ ማየት ይችላል። ሲኖሩበት የተከለከሉትን ሕይወት ለትርዒት እንዲያቀርቡት ተፈቀደላቸው። ለጎሪላው መዳን ከከፈሉት ሁሉ ብዙ የከፈሉት እነሱ ናቸው፤ ክፍያቸው በዶላር ስላልሆነ ግን በደረሰኝ አልተመዘገበም።

ይህን ስጽፍ በሰው አገር ላይ የምፈርድ እንዳይመስል፣ ወደ ቤታችን ልመልሰው። ስሜን የዝናብ ደን አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ዩኔስኮ ከያዘው የአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያው መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የስሜንን ጭጋግና የጭላዳ መንጋ የሚያሳዩ የሚያማምሩ ቪዲዮዎችን ባየሁ ቁጥር፣ እዚያ ሲያርስና ሲቀድስ የኖረው ሰው የት ገባ ብዬ እፈልገዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አላገኘውም። የቀረጹት ደግሞ የኛው ልጆች ናቸው። መነጽሩ ተወርሷል።

ለፎሲ ፍርድ ላጓድልባት አልፈልግም። ማንም ዞር ብሎ ባላያቸው ጊዜ በዝናብና በብርድ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ጎሪላ በአፍንጫው መስመር ለይታ በስም መዝግባለች፤ ዓለም እንዲያዝንላቸው ያደረገችው እሷ ናት፤ ፊልሙም በዚህ ረገድ ከብዙ የጥበቃ ዘመቻ የበለጠ ሠርቷል። የእሷ ጉልበት ያላስነሣው ሐዘን ቢኖር ኋላ የመጣው ገንዘብም ባልመጣ። ቅር የሚለኝ፣ ፊልሙ እሷን ለማግነን ሲል ሌላውን ሁሉ ከክፈፉ ማስወጣቱና ያንን ባዶ ጫካ እውነተኛው ጫካ ነው ብለን እንድናምን ማድረጉ ነው።

ቢሆንም ፊልሙ ራሱ በመጨረሻው ትዕይንት ያመለጠችው እውነት አለች። ሁሉም ከሄደ በኋላ ሴምባጋሬ ብቻውን ወደ መቃብሩ ይመለሳል። የእሷንና የዲጂትን መቃብር የከበቡትን ድንጋዮች እያነሣ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ለሁለት ሰዓት ከኋላዋ ሲከተል የነበረው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳያዘው አንድ ነገር ይሠራል። ከዚያ ፊልሙ ያልቃል። ለኔ መጀመር የነበረበት እዚያ ላይ ነው። ያ ሰው ድንጋዩን ካስተካከለ በኋላ በየትኛው መንገድ ወረደ? ማን ቤት ገባ? በማግስቱስ ማን ቀጠረው?

ጎረቤታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። «መንናለች» ያሉት ግን አብሮኝ አለ፤ አሁን ሳስበው ቃሉ ከፊልሙ የበለጠ ሰፊ ነው። በኛ አገር የመነነ ሰው ብቻውን አይኖርም። ዋሻው አፍ ላይ ሽምብራና ቆሎ አስቀምጦ፣ ሳያንኳኳ የሚመለስ የመንደር ሰው ሁልጊዜ አለ። ገድሉ ስሙን አይጽፈውም። ባሕታዊው ግን ያውቀዋል።